ሰው ከሰው ያገናኘ አፕ

ሰሞኑን ስልካችሁ ላይ ያለው የገንዘብ መላኪያ አፕ «በአዲስ ገጽታ መጥተናል!» ብሏችኋል አይደል? እንኳን ደስ አላችሁ። እኛ ጎንደር ላይ ደስታውን ገና አልቻልነውም።

ውበቱን መካድ ነውር ነው። ነጭ መደብ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ፊደል! ፒያሳ በቀትር ፀሐይ ቆማችሁ ስትከፍቱት ምንም አይታይም፤ ዓይን ያሳርፋል። ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች የወጣው ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የድምቀት ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል። ይበል። ዲዛይነራችን ቢሮው ውስጥ መጋረጃ ዘግቶ፣ በትልቅ ስክሪን፣ በወጣት ዓይኑ አይቶ ወዶታል።

እኔ ግን የሞትኩት በበተኖቹ ነው። ማየት የተሳነው አንድ መምህር ወዳጅ አለኝ። ስልኩን የሚጠቀመው በቶክባክ ነው፤ ስክሪኑን ሲዳስስ ድምፅ ያነብለታል። ድሮ «ላክ»፣ «ቀሪ ሂሳብ» ይለው ነበር። አሁን ጽሑፉ ወጥቶ ሥዕል ገባ። ሲዳስስ «አንሌብልድ፣ በተን» ይለዋል። ወደ ቀኝ ሄደ፤ «አንሌብልድ፣ በተን»። ስም የለኝም ማለቱ ነው። አንዱ ገንዘብ ይልካል፣ አንዱ ካርድ ይሞላል፣ አንዱ ከአፑ ያስወጣል። የቱ የቱ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

አርባ አራቱ ታቦት በየስሙ በሚጠራበት ከተማ ስድስት በተን ስም አጣ! ክርስትና እናንሳላቸው ተባባልን። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ነው ደንቡ። በተን ወንድ ይሁን ሴት ማን ያውቃል? ለጥንቃቄ 80ውን እንጠብቅ አልን። ክርስትና አባት ይፈለግ ወይስ እናት የሚለው ደግሞ ሌላ ክርክር አስነሣ። ጠላው እስኪጠመቅ ግን አፑ አፕዴት ተደረገና በተኖቹ ቦታ ተቀያየሩ። ሁለቱ ጭራሽ ጠፉ። ሳይጠመቁ!

እስከዚያው መምህሩ ካፌ ይገባል፤ ስልኩን ለአስተናጋጁ ይሰጣል። «ቲቸር፣ ሚስጥር ቁጥሩ ስንት ነበር?» ይላል ልጁ ከሩቅ፣ ጮክ ብሎ። የጎን ጠረጴዛው ዝም ይላል፤ ሊሰማ። ቀሪ ሂሳቡንም አብረን እናውቃለን። ማኅበራዊ ኑሯችን ሊጠፋ ነው ላላችሁ ሁሉ፣ ይኸው አፑ አጠናከረልን።

ቀልዱ ይቅርና፣ ይሄ ሰው በላቡ የሚበላ ሰው ነው። የገዛ ደመወዙን ለመላክ የማንንም ዓይን የሚለምንበት ምክንያት የለም። ለአንድ በተን ስም መስጠት ኮዱ ላይ አንዲት መስመር መጻፍ ነው። አንዲት መስመር! አገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ስምምነቱ ሕንፃና መንገድን ብቻ ሳይሆን የመረጃ ቴክኖሎጂንም በስሙ ይጠራል። የሰውን ገንዘብ አስቀምጠህ በሩን ለባለቤቱ መዝጋት ንቀት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ዴቨሎፐሮቻችን ሲጠየቁ ትሑታን ናቸው፤ «ቀጣዩ ቨርዥን ላይ እናስገባዋለን» ይላሉ። የዚያ የተደራሽነት መመሪያ የመጀመሪያ ቨርዥን በ1999 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ገሚሶቹ ገና ጡት አልጣሉም ነበር፤ ስለዚህ አይቸኩሉም። አስተያየት መስጫ ቅጽም አዘጋጅተውልናል። መምህሩ ቅሬታውን በትዕግሥት ጻፈና «ላክ» ሊል ሲል፣ ቅጹ መጀመሪያ ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ አለው፤ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ፎቶዎች በሙሉ ይምረጡ።

እስካሁን አላረጋገጠም።