ለጋሼ ፒፒአይ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ደመወዙን በልቶ ስለጠፋ ዘበኛ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆትና ከጀርባ ሕመሜ በስተቀር ደህና ነኝ። የጀርባ ሕመሙን ያነሣሁት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። እርስዎ ጀርባ እንደማይሸፍኑ በውልዎ ገጽ አሥራ አንድ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ። ያነበብኩት ግን ከፈረምኩ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ጀርባ አልጋ ላይ ተንጋልዬ ነው።

ሙሉ ስምዎ የብድር ክፍያ ዋስትና መድን ነው። እዚህ ብሪታኒያ ውስጥ ግን ባለ ባንኩም፣ ዳኛውም፣ የአውቶቡስ ተሳፋሪውም ፒፒአይ ብሎ ነው የሚጠራዎት። ጋሼ ያልኩዎት በአክብሮት ብቻ እንዳይመስልዎት። አባቶቻችን «ጋሼ» ሲሉ «ጋሻዬ» ማለታቸው ነው ይባላል፤ እርስዎም ወደ እኔ የመጡት ጋሻ ተብለው ነው። ብትታመም፣ አደጋ ቢደርስብህ፣ ከሥራ ብትቀነስ የብድርህን ወርኃዊ ክፍያ እኔ እችልልሃለሁ ብለው። እንዲህ ያለ ዘመድ ከሀገር ቤት ቢመጣልኝ ኖሮ ሄዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አበባ ይዤ በተቀበልኩት ነበር።

የተዋወቅንበትን ቀን ይዘነጉት ይሆናል፤ እኔ አልዘነጋሁትም። በፈረንጆቹ 2005 ነው። ያገለገለች ቶዮታ ገዝቼ ለንደን ውስጥ ሚኒካብ (በጥሪ የሚሄድ ታክሲ) ልነዳ አስቤ 6,000 ፓውንድ ልበደር ባንክ ገባሁ። የባንኩ ልጅ ደግ ነበር። ሻይ ጋበዘኝ። በሕይወቴ ባንክ ውስጥ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን እያወቅኩ። «ብድሩ ጸድቋል» ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረና የምፈርምበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። ከጣቱ ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ በውስጧ የእሺታ ምልክት ተደርጎባታል። እኔ አላደረግኩም። ሳጥኗ ከእናቷ ማኅፀን እሺ ብላ የተወለደች ነበረች።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እርሱ ጥበቃው ነው። ሁሉም ሰው ይወስደዋል።»

«ባልወስደውስ?»

ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰና፣ የአየሩ ጠባይ እንደሚያሳስበው ሰው በመስኮቱ በኩል አየት አድርጎ፣ «ያለ እርሱ ብድሩ ሊያስቸግር ይችላል» አለኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ፈረምኩ።

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ሳየው የተበደርኩት 7,300 ፓውንድ ነው። አሥር ጊዜ ደመርኩት። እኔ የወሰድኩት ስድስት ሺህ ነው፤ 1,300ው እርስዎ ነዎት። የአምስት ዓመት አረቦንዎን፣ ማለትም የመድኑን ዋጋ፣ ባንኩ በአንድ ጊዜ ከብድሩ ላይ ጫነልኝና በላዩ ወለድ ያስከፍለኝ ጀመር። ነገሩን በሀገራችን ቋንቋ ላስቀምጠው፦ ዘበኛ ቀጠርኩ፤ የዘበኛውን ደመወዝ ዘበኛውን ካመጣልኝ ደላላ ተበደርኩ፤ ደላላው በብድሩ ወለድ ይበላል፣ በዘበኛው ኮሚሽን ይበላል፤ ዘበኛው ደግሞ በር ላይ የለም።

አሁን ሥራዬን ልንገርዎት፣ ምንም እንኳ በዚያው ቅጽ ላይ በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ ቢሆንም። በራሴ ሥራ የምተዳደር ሾፌር ነኝ። አለቃ የለኝም። ከሥራ ለመቀነስ ደግሞ ቀናሽ ያስፈልጋል። ጋሼ፣ ከዚህ ከሥራ መቀነስ ከሚባለው ሽፋንዎ አንዲት ፓውንድ ለማግኘት ማለዳ ተነሥቼ መስታወት ፊት መቆም፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ለሰጠኸን አገልግሎት እናመሰግናለን፤ ከዛሬ ጀምሮ አንፈልግህም» ማለትና ደብዳቤውን ከቀኝ እጄ ወደ ግራ እጄ ማቀበል ነበረብኝ። እርስዎም ጉዳዩን መርምረው «ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር ተመሳጥሯል» እንደሚሉኝ አልጠራጠርም።

ሥራው ቢቀር ሕመሙ አለ አልኩ። በ2007 ክረምት በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ላይ የተቀመጠው ወገቤ ተያዘ። ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ወደ ቢሮዎ ስደውል አንዲት ጨዋ ድምፅ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካስደመጠችኝ በኋላ የጀርባ ሕመም እንደማይሸፈን ነገረችኝ። ቢሸፈን እንኳ፣ ብድሩን ከመውሰዴ ከዓመት በፊት ለሐኪሜ «ወገቤን ይሰማኛል» ብያለሁና ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም ነው። ወገብ እንዳለኝ ከውሉ በፊት ማወቄ ጥፋት ሆነ።

በዚያው ሳምንት የእድራችን ሰዎች መጡ። የለንደን እድር ነው፤ ለቀብር እንጂ ለወገብ የተቋቋመ አይደለም። ግን መጡ። አንዷ አጥሚት ይዛለች፣ አንዱ ያለ ክፍያ መኪናዬን ወስዶ ዘይቷን ቀይሯል፣ የእድሩ ዳኛ ደግሞ ሲወጣ ትራሱ ሥር የሆነ ነገር ሸጎጠ። ቅጽ አልሞላሁም። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ሦስት ገጽ ነው፤ ጸሐፊው ሲያነብበው ጎረቤት ይሰማል እንጂ አጉሊ መነጽር አይፈልግም። ከእርስዎ ጋር ላወዳድራቸው ብዬ አይደለም። እነርሱ ኮሚሽን አይከፍሉም፤ እንዴት ይወዳደራሉ?

እኔ ብቻዬን ሞኝ የሆንኩ መስሎኝ ለዓመታት ለሚስቴም አልተናገርኩም ነበር። ኋላ ነው ዝናዎን የሰማሁት። በዚህች ደሴት እስከ 64 ሚሊዮን የሚደርሱ እርስዎን የመሰሉ ውሎች ተሸጠዋል፤ ለጡረተኛውም፣ ለተማሪውም፣ ቀድሞም ለታመመውም፣ እንደ እኔ የራሱ አለቃ ለሆነውም። አንዳንዱ እንደተሸጡለት እንኳ አያውቅም፤ እርስዎ በሰው ቤት ሃያ ዓመት በእንግድነት ኖረው ባለቤቱ ሳያይዎት የሚወጡ ሰው ነዎት። የሚገርመው፣ የዜጎች ምክር የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለ እርስዎ ለመንግሥት ከባድ አቤቱታ ያቀረበው በዚያው እኔ በፈረምኩበት በ2005 ነው። እኔ ሻዬን ስጠጣ ሰዎቹ ክሱን እየጻፉ ነበር። ባንኮቹ ግን እስከ 2011 ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ በሚያዝያ ተረቱ፣ በግንቦት ይግባኝ አንልም አሉ።

ከሁሉ የአንዲት ባሏ የሞተባት የኮሌጅ መምህርት ነገር ከልቤ አልጠፋም። በ2006 34,000 ፓውንድ ለአሥር ዓመት ተበድራ እርስዎን በ5,780 ፓውንድ ገዛች። ብድሩ አሥር ዓመት፣ ጥበቃው አምስት ዓመት፤ ጋሻው ጦርነቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። ከከፈለችው አረቦን ውስጥ 71.8 በመቶው ለአበዳሪውና ለደላላው ኮሚሽን ሆኖ መቅረቱን ማንም አልነገራትም። ተሟግታ ተሟግታ የሀገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2014 ይህን መደበቅ ፍትሐዊ አይደለም አለላት። ከመቶ ፓውንድ ሰባ ሁለት ገደማ! ጋሼ፣ መርካቶ ውስጥ ያደጉ ደላሎችን አውቃለሁ፤ ይህን ቢሰሙ ኮፍያቸውን አንሥተው እጅ ይነሡዎታል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ባንኮቹ ከተረቱ በኋላ ስልኩ መጮህ ጀመረ። ይህን የእርስዎን ሁለተኛ ልጅነት ልበለው፣ ሁለተኛ ሞት ልበለው አላውቅም። እርስዎ ያጠፉትን እናስመልሳለን የሚሉ ድርጅቶች ከየጉድጓዱ ወጡ። እሑድ ሚስቴ ቡና ታፈላለች። አቦል ላይ ይደውላሉ፤ ቶና ላይ ይደውላሉ፤ በረካ ላይ አንድ የተቀዳ ድምፅ «ካሳ ሊገባዎት ይችላል» ይላል። የሚያጽናኑኝ መስሎኝ አንድ ጊዜ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ለተቀዳው ድምፅ መልሻለሁ።

በመጨረሻ እሺ አልኩ። ኤርፖርት መንገደኛ ስጠብቅ ነው፤ ሰው ብቻውን ሲሆን ነው የሚሳሳተው። ውሉ ከማገኘው ካሳ 25 በመቶ፣ በዚያ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይላል፤ ሲደመር ሠላሳ ይሞላል። ሳምንት ሳይቆይ ወፍራም ፖስታ መጣ። ውስጡ ባዶ ቅጽ ነው። መቼ ተበደርክ፣ ምን ተባልክ፣ ሥራህ ምን ነበር እያለ ይጠይቃል። ሞላሁት። ፈረምኩ። መልሼ ላክሁ። እነርሱ ደግሞ ከላዩ ላይ የራሳቸውን ስም ለጥፈው ለባንኩ ላኩት። ሠላሳው በመቶ የቴምብር ዋጋ ነበር።

ሚስቴ ደግሞ ከአንድ የልብስ መደብር በወሰደችው የዱቤ ካርድ ላይ እርስዎ ተቀምጠው አገኘችዎት። ደላላ አልጠራችም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ራሷ ጽፋ ለአበዳሪው ላከች። አበዳሪው መልስ ለመስጠት ስምንት ሳምንት አለው፤ ካልመለሰ ወይም እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው ይሄዳል፤ ያውም በነፃ። እምቢ አሉ፤ ወሰደችው። እንባ ጠባቂ! ይህን ቃል በአማርኛ ያወጣው ሰው ይባረክ፤ እንግሊዞቹ በባዕድ ስም ነው የሚጠሩት፣ እንባ እንዳለበት አያውቁም። ሚስቴ ገንዘቧን በሙሉ ተቀበለች፤ እስከ ዛሬም ሰው ቤታችን ሲመጣ «እርሱ እኮ ጠበቃ አለው» እያለች ታስተዋውቀኛለች።

የእኔም ካሳ በ2015 መጣ። አረቦኑ፣ አረቦኑ የወለደው ወለድ፣ በዚያ ላይ ለቆየሁበት ጊዜ በዓመት 8 በመቶ ቀላል ወለድ። ከዚያች ከስምንቷ ላይ መንግሥት ግብሩን ቀነሰ፤ ተበድዬ ስካስ ገቢ ሆኖ ተገኘ። 2,300 ፓውንድ ገደማ እጄ ሲገባ ድርጅቱ 690 ያህሉን ጠየቀኝ። ከባንኩ የመጣው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ይህ ክፍያ ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም።» ያልበላ ሰው እንዴት ያስመልሰዋል?

ሽኝትዎ ግን የንጉሥ ነበር። አቤቱታ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ነሐሴ 29 ቀን 2019 ተብሎ ተቆረጠና፣ ሕዝቡ እንዳይረሳ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አሠራ። በማስታወቂያው ላይ የአርኖልድ ሽዋዘኔገር ጭንቅላት፣ አንገቱ ላይ ተቆርጦ እንደ ታንክ በሰንሰለት ጎማ እየተሽከረከረ፣ ሰዉን «ወስኑ! አሁኑኑ!» እያለ ይጮኽበታል። የትንሹ ልጄ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም፦ «አባዬ፣ ይህ ሰውዬ ኢንሹራንስ አልነበረውም?» ባንኮቹ ሲጨርሱ የከፈሉት ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ስኒ ሻይ ውድ ነው እንል ነበር።

ይህን ሁሉ ያረሳሳኝ ጊዜ ነበር፤ ያስታወሰኝ ልጅዎ ነው። ልጅ እንዳለዎት አላውቅም ነበር። በ2016 ቶዮታዋ ስታረጅ ፕሪየስ በየወሩ እየከፈልኩ ወሰድኩ። የመኪናው ሻጭ ሻይ ጋበዘኝ፤ አሁንም አልጠረጠርኩም፣ ወይ እኔ! ለካስ አንዳንድ ሻጮች የብድሩን ወለድ እንደፈለጉ ከፍ ማድረግ ይፈቀድላቸው ነበር፤ ወለዱ ከፍ ባለ ቁጥር የእነርሱም ኮሚሽን ይፋፋል። ተቆጣጣሪው ይህን የከለከለው በጥር 2021 ነው። የተደበቀው የመኪና ብድር ኮሚሽን ነገርም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ2025 ነሐሴ ፍርድ ተሰጠበት። መልኩ ቁርጥ እርስዎን ነው፤ አፍንጫው ብቻ ትንሽ ወደ ቤንዚን ይሸታል። ባለፈው እሑድ አቦል እየተቀዳ ስልኬ ጮኸ። ያው የተቀዳ ድምፅ ነው። ሚስቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለችኝ።

እርስዎ ግን ባሉበት ደህና ይሁኑ። ቢታመሙ፣ አደጋ ቢደርስብዎት፣ ከሥራ ቢቀነሱ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ገጽ አሥራ አንድን አይቼ መልስ እሰጥዎታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የራሱ አለቃ የሆነ ሾፌር፣ ለንደን

ግልባጭ፦
ለወገቤ
ለእድሩ ጸሐፊ (ጮክ ተብሎ እንዲነበብ)
ለባለቤቴ (ቴምብሩን ራሷ ለለጠፈችው)
ካሳ አስመላሽ ለነበረው ድርጅት (ከዚህ ደብዳቤ ሠላሳ በመቶው ተቆርጦ ተልኮለታል፤ ከታች ያለው ባዶ ቦታ የእርሱ ነው)