ድመት የሸናበት ሶፋ፦ አቼቶ ወይስ ዕጣን?

መከራከሪያው፦ «ድመት ሶፋ ላይ ለሸናበት ሽታ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል።» የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዋ ይበቃል ትላለች፣ የገላኑ ጋሼ አይበቃም ይላሉ።

የኮዬዋ፦
የኔ ውሮ ሶፋው ላይ ስንቴ እንደሸና መቁጠር ትቻለሁ። ዋናው ነገር እርጥብ እያለ በጨርቅ ጫን ጫን ማረግ ነው፣ ማሸት የለም፣ ካሻችሁት ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዛ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል አርጋችሁ ስፖንጁ ድረስ እንዲዘልቅ አፍስሱበት፣ ላዩን ብቻ ካረጠባችሁት ልፋት ነው። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል፣ አቼቶ ደሞ አሲድ ስለሆነ ያንን ያጠፋዋል። ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ማሳደርና ጠዋት መጥረግ። ሁለቱን ግን አንድ ላይ እንዳትቀላቅሉ፣ አረፋው ያምራል እንጂ እርስ በርስ ተጠፋፍተው ነው የሚቀሩት። በቃ፣ እኔ ቤት አሁን ምንም አይሸትም።

የገላኑ፦
«እኔ ቤት ምንም አይሸትም።» ልጄ፣ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው መቼ ነው ለራሱ የሸተተው? እኛ ጋ ወገርት ይጨሳል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሶፋው መጋረጃው ሁሉ ይታጠናል፣ አለቀ። ከባሰም በረኪና ጠብ ይደረግበታል። አቼቶ እኔ ሰላጣ ላይ ነው የማውቀው። ደሞ 4ኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ ያን ሁሉ ውሃ ያፈሰስሽበት ሶፋ በምን ይደርቃል፣ ውሃውስ በፈረቃ አይደል እንዴ የሚመጣላችሁ?

የኮዬዋ፦
የሶፋው መቀመጫ ይነሳል ጋሼ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ላይ አቆመዋለሁ። ግን በረኪና ያሉትን ነገር ማንም እንዳይሞክረው፣ በረኪና ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ አቼቶ ላይ ካረፈ ደሞ ክሎሪን ነው። በር ዘግቶ ይሄን የሚያረግ ሰው ሳንባውን ነው የሚያቃጥለው። ይሄን መልሱልኝ።

የገላኑ፦
አሁንም «ምንም አይሸትም» ላይ ነኝ። ሐምሌ ይግባና እናያለን፣ ቤቱ ሲረጥብ ያ ሶፋ የዛሬ ዓመት የተሸናበትን ሁሉ ነው የሚያወራው። የእህቴ ቤት አይቼዋለሁ፣ በአቼቶ አጥባው በጋውን ሰላም ነበር፣ ክረምት ሲገባ እንግዳ ማስቀመጥ አፈረች።

የኮዬዋ፦
እሺ ክረምቱ እውነት ነው፣ የሽንቱ ዩሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ እንደልብ አይሟሟም፣ ደርቆ ይቀመጥና እርጥበት ሲያገኝ ይሸታል። ለዛ ነው ቶሎ መድረስ ያለብን ያልኩት (ባልልም እንዳልኩ ቁጠሩልኝ)። ደሞ ወንድ ድመት ካልተኮላሸ ሽንቱ ውስጥ ፌሊኒን የሚባል ድኝ ያለበት ነገር ይበዛል፣ ሲቆይ የሚብሰው በሱ ነው። እኔ አኮላሽቼዋለሁ። ዕጣን ግን ሸፈነ እንጂ ምን አጠፋ? ሽንት ላይ ዕጣን ማለት ያልታጠበ ሰው ሽቶ ሲቀባ ነው።

የገላኑ፦
ያልታጠበ ሰው! እናቴ በወገርት ስታጥነው የኖረችው ቤት ያልታጠበ ነበር ማለት ነው? እናንተ ልጆች ሁለት የኬሚካል ስም ስትይዙ ታላቅን መዝለፍ ትጀምራላችሁ። ለነገሩ ጥፋቱ ከመጀመሪያው ነው፣ ድመት ምን ልትሰራ ነው ሶፋ ላይ የምትወጣው? ድመት ለአይጥ ነው የምትያዘው፣ ግቢ ውስጥ።

የኮዬዋ፦
እናትዎን አልነካሁም፣ ይቅርታ። ግን የምንከራከረው ስለ አቼቶ ነበር፣ መቼ ነው የድመት መኖሪያ የሆነው? ኮንዶሚኒየም ምን ግቢ አለው ደሞ? ቅዳሜ ይምጡና ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ያሽቱ፣ ቡና አፈላለሁ።

የገላኑ፦
እመጣለሁ። ግን ሳልመጣ ዕጣን እንዳታጨሺ፣ ቡናውም እኔ ከገባሁና ካሸተትኩ በኋላ ይቆላ።

የኮዬዋ፦
ለምን ጋሼ? ዕጣን ያጠፋዋል አላሉም?

የገላኑ፦
ድመቷ ግቢ ትደር ብያለሁ።