ደሴ ላይ ሆናችሁ የአፕ አክሲዮን ልትገዙ ላሰባችሁ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚደወልልኝ ስልክ ግማሹ ስለ አክሲዮን ሆኗል፣ "ይሄ አፕ ይሄን ያህል ሺህ ተጠቃሚ አለው፣ አሁን ካልገባን ያመልጠናል" ነው ወሬው። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ እዚህ ይቺ ወሬ ስንቱን እንዳከሰረች ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ ኢንቨስተሩ የኢንተርኔት ካምፓኒ እድገት ሲነገረው የሚጠራጠረው ተቃጥሎ ስለተማረ ነው። በፈረንጆቹ ማርች 2000 ላይ ናስዳክ፣ ማለትም ብዙ የቴክ ካምፓኒ ያለበት የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ መለኪያ፣ ከ5,000 ነጥብ በላይ ወጥቶ ነበር፣ በ2002 ወደ 1,100 አካባቢ ወረደ፣ ያን ከፍታ መልሶ ያለፈው በ2015 ነው! ዊዎርክን ደግሞ ተመልከቱት፣ ቢሮ ተከራይቶ ቆራርሶ የሚያከራይ ድርጅት ነው፣ ግን ቴክ ካምፓኒ ነኝ ስላለ በ2019 መጀመሪያ 47 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። አክሲዮን ለህዝብ ሊሸጥ ሲል ህጉ ስለሚያስገድደው ሂሳቡን ይፋ አወጣ፣ ሰው ቁጭ ብሎ አነበበው፣ ኪሳራው ታየ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ሽያጩን ሰረዘው፣ በ2023 ባንክራፕሲ ገባ፣ ማለትም ዕዳዬን መክፈል አልቻልኩም ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ።

የሚያተርፈውም አይተርፍም። ፌብሩዋሪ 2022 ፌስቡክ በየቀኑ የሚገባው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀነሰ ሲባል፣ በቢሊዮን እያተረፈ፣ በአንድ ቀን ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ አጣ። ሰው ውድ አድርጎ የገዛው ነገ ያድጋል ብሎ ነዋ፣ እድገቱ ላይ ጥርጣሬ ሲገባ ዋጋው ምን ይይዘዋል?

የኛ ሰው መጠየቅ የማያውቅ ሆኖ አይደለም እኮ። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ፣ ሳያስነሳና ሳያስኬድ ዋጋ አይጠራም። አፕ ሲሆን ግን ስልክ ላይ የታየ ቁጥር ብቻ ይበቃዋል፣ እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ኮምቦልቻ ባጃጅ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ አለ። አንድ የትራንስፖርት አፕ ለተመዘገበ ሁሉ የሞባይል ካርድ ይሰጥ ነበር፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ ተመዘገቡ፣ ካርዱ ሲቆም የከፈተው የለም። በቪዲዮ ኮል ስልኩን አሳየኝ፣ አፑ አሁንም አለ፣ የመጨረሻው ጉዞ ወራት አልፎታል። ካምፓኒው ወረቀት ላይ ግን እነዚህ ልጆች ሁሉ "ተጠቃሚ" ናቸው። ሳፋሪኮም እንኳን ሪፖርት ሲያወጣ በ90 ቀን ውስጥ የተጠቀመውን ደንበኛ ለይቶ ነው የሚቆጥረው።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2024 መጨረሻ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ፕሮስፔክተስ፣ ማለትም የድርጅቱን ሂሳብና ስጋት ለገዢ የሚያሳይ ሰነድ፣ ነበረው፣ ገዛችሁም አልገዛችሁም ሂሳቡን ማንበብ ይቻል ነበር። በቴሌግራም የሚዞረው አክሲዮን ግን የቱ ጋ ነው ፕሮስፔክተሱ? የካፒታል ገበያ ባለስልጣን የተቋቋመው ለዚህ አይደል እንዴ፣ ለህዝብ የሚሸጥ አክሲዮን እዛ ማለፍ አለበት።

ደሴ እህል የሚነግደው አጎቴም እንደዚሁ ካርድ ለሚሰጥ አንድ የትራንስፖርት አፕ ብር ሊያወጡ ነበር። "ካርዱ ሲቆም ስንት ሰው ቀረ ብለው ይጠይቋቸው፣ ከአንድ ጉዞ ስንት ያገኛሉ፣ ስንትስ ያወጡበታል፣ ኦዲት የተደረገ ሂሳብም ያሳዩዎት" አልኳቸው። "አብሽር ልጄ፣ እጠይቃለሁ" አሉኝ፣ ጠየቁም። የተላከላቸው መልስ ያው የተመዝጋቢ ቁጥር ነው፣ እሳቸውም ብሩን አልሰጡም።