ግድግዳው ኮርኒስ ጋ ያልቃል

ባለፈው እሁድ አንዷ ጎረቤቴ ቡና ላይ «ካከራየሁ ወዲህ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ» ብላ ስታማርር ነበር። ገባኝ። እኔም ከውስጥ አንድ ክፍል፣ ከሰርቪስ ሁለት ክፍል ካከራየሁ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ግን የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ያቃጠለን ተከራዩ አይደለም ቤቱ ነው እኮ።

የውስጡ ክፍል በሩ ወደ ሳሎናችን ነበር የሚከፈተው። ተከራዩ ወንደላጤ ነው፣ ጨዋ ልጅ፣ ግን ሻወር ለመግባት የግድ ሳሎኑን ማቋረጥ አለበት፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «እንዴት አደሩ እትዬ» ሲለኝ እኔ በሌሊት ልብስ ሻይ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ እሱ አንገቱን ይደፋል እኔም እደፋለሁ፣ ሁለታችንም እናፍራለን። ድምፁ ደግሞ ይብሳል። በክፍሎቹ መሃል ያለው ብሎኬት ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያልቃል፣ ከዛ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ቤቱ በሙሉ አንድ ክፍል ነው፣ ድምፅ በላይ በላይ ይሄዳል። ልጁ ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራውን ሁሉ እሰማ ነበር። እሱም ለካ ይሰማል። አንድ ማታ እኔና ባለቤቴ ኪራይ እንጨምርበት አንጨምርበት ብለን ተጨቃጨቅን፣ ጠዋት ራሱ መጥቶ «ስንት ልጨምር እትዬ?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም አከራይ የሚያደርገውን ነው፣ ሕግ ማውጣት። እንግዳ አይመጣም፣ በር 3 ሰዓት ይዘጋል፣ ምጣድ አይጣድም። ሕግ ካወጣሽ መጠበቅ አለ። ማን ገባ ማን ወጣ እያልኩ በመጋረጃ ሳጮልቅ የራሴው ግቢ ዘበኛ ሆኜ አረፍኩት። አንዴማ ልጁ በሌለበት በትርፍ ቁልፍ ገብቼ መብራት አጥፍቻለሁ፣ ቆጠበች በሉኝ፣ ግን ማድረግ አልነበረብኝም።

በኋላ ግንበኛ ጠራን። የክፍሉን መስኮት ከላይ ያለው ቢም ሳይነካ ከሥር አፍርሶ ወደ ጓሮ በር አወጣለት፣ የሳሎኑን በር በብሎኬት ደፈነው፣ ከኮርኒስ በላይ ያለውንም እስከ ቆርቆሮው ገነባው። ሰርቪሱ ጋ ያለውን ሽንት ቤት አድሰን ሻወር ጨመርንበት። የሦስት ወር ኪራይ በላብን። በሩ ከተደፈነ በኋላ ሕጉ የተጻፈበትን ወረቀት ማን እንደቀደደው ራሱ አላስታውስም።

ድሮ ቢሆን ሲሰለቸን «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» ብለን እናስወጣ ነበር፣ እንዋሻለን ማለት ነው። አሁን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ይሁን ብሏል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። አከራዮች ስለ ኪራይ ጭማሪው ብቻ ነው የሚያወሩት፣ ለኔ ግን ትልቁ ነገር ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሳሎንሽን ሲያቋርጥ አስቢው። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ማከራየትም ስለተከለከለ ሰው ደባል እያስገባ በመጋረጃ ተጋርዶ ኖሯል፣ ያኔ አማራጭ አልነበረም። ዛሬ ግን ለሳሎን ሶፋ የሚቀይር ሰው ለተከራዩ በር ማውጣት ከበደኝ ሲል አይገባኝም፣ እሱ የራሱ በር ከሌለው እኮ እኛም ሳሎን የለንም።

ያቺ ጎረቤቴ «ተከራይ ልቀይር» ስትል ትናንት ቤቷ ሄድኩና ወንበር ላይ ቆሜ ኮርኒሱን ገፋ አደረኩት። የሷም ግድግዳ እዛው ጋ ያልቃል።