ውዳሴ ደላላ ዘቺካጎ

ሰው ብዕር አንሥቶ ሊያወድስ ሲነሣ አርበኛ ይመርጣል፣ ሐኪም ይመርጣል። እኔ የማወድሰው ረግጦት የማያውቀውን ቦታ ገዝቶ፣ ስሙን በቅጡ ለማያውቀው ሰው ሸጦ፣ ሁለቱም ሳያዩት ተጨባብጠው የሚለያዩትን ታላቅ ሕዝብ ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ከተማው ቺካጎ፣ ዘመኑ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። «ላም አለኝ በሰማይ» እያልን የምንሳለቅ እኛ ነን። እነሱ ላሟን እዚያው ሰማይ ላይ አልበዋት፣ ወተቷን ቸርችረው፣ በሚመጣው ዓመት ለምትወልደው ጥጃ ቀብድ ተቀብለዋል።

ሸቀጡን እንወቀው። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1833 የመንደር አስተዳደር ስታቋቁም ነዋሪዋ 350 ገደማ ነበር። በሚቺጋን ሐይቅ ዳር፣ ለጥ ያለ ረግረግ ላይ፣ አንድ ምሽግና ጥቂት የእንጨት ቤቶች። ዋጋ የሰጣት ገና ያልነበረ ነገር ነው፦ ሐይቁን ከኢሊኖይ ወንዝ፣ በዚያም አልፎ ከሚሲሲፒ ጋር ያገናኛል የተባለ ቦይ። ቦዩ ከተቆፈረ ከኒውዮርክ የተጫነ ዕቃ ከውኃ ሳይወጣ ኒው ኦርሊንስ ይገባል። ከተቆፈረ! የመቆፈሪያው ገንዘብ እንዲገኝ የቦዩ ኮሚሽነሮች ጄምስ ቶምሰን የተባለ ቀያሽ ቀጥረው በ1830 ከተማዪቱን ወረቀት ላይ አስሸነሸኗት። እንግዲህ ቦዩ የሚቆፈረው ቦታው ሲሸጥ ነው፤ ቦታውም የሚሸጠው ቦዩ ይቆፈራል ስለተባለ ነው። እንዲህ ያለውን ያማረ ስሌት የሚያበላሸው አካፋ ብቻ ነው። አካፋው ደግሞ ጨዋ ነበርና እስከ ጁላይ 1836 ድረስ አልመጣም።

በመሬቱ ላይ ሰዎች አልነበሩም ወይ? ነበሩ እንጂ። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ፖታዋቶሚዎች በ1833 ውል ፈርመው፣ ከአጎራባቾቻቸው ጋር ሆነው 2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት አስረከቡ። በ1835 በጋ 800 ያህል ተዋጊዎቻቸው የመጨረሻውን ጭፈራቸውን በከተማዪቱ ጎዳና ጨፍረው ወደ ምዕራብ ተሸኙ። እነዚህ ሰዎች መሬቱን በእግራቸው ያውቁት ነበር። ለንግዱ ብቁ ሆነው ያልተገኙትም በዚሁ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት የፌዴራሉ የመሬት ሽያጭ ቢሮ ቺካጎ ላይ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በከተማዪቱ ሥራ ፈት ጠፋ፤ ሠራተኛም አብሮ ጠፋ። በ1836 በዚያ ያለፈች አንዲት እንግሊዛዊት ተጓዥ፣ መንገዱ ከአንዱ ሐራጅ ወደ ሌላው በሚሮጡ የመሬት ነጋዴዎች ተጨናንቆ አገኘችው። ቀይ የለበሰ ጥቁር ሰው፣ ቀይ ባንዲራ ይዞ፣ ቀይ በለበሰ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሽያጩን ሰዓት ያውጅ ነበር። ባለ ሱቆች ደግሞ ከደጃፋቸው ቆመው አላፊውን ሁሉ «ዋጋው ሳይጨምር ቦታ ግዙ» እያሉ ይጣሩ ነበር። ስኳር ልትገዛ የገባህ እንደሆነ የማዕዘን ቦታ ይዘህ ትወጣለህ፤ ስኳሩ አልቋል። ሐኪም ዘንድ ብትሄድ የልብህን ምት እያዳመጠ ስለ ወንዝ ዳር መሬት ያጫውትሃል። ምቱ ከፈጠነ በሽታ እንዳይመስልህ፤ ገዢ ሆነሃል ማለት ነው።

ንግዱ እንዴት እንደሚራባ አንድ ቁራጭ መሬት ታሳየን። ካፒቴን ዴቪድ ሃንተር ከወንዙ በስተ ሰሜን ያለውን ይዞታውን በ1834 ለኒውዮርኩ አርተር ብሮንሰን በ20,000 ዶላር ሸጠ። ብሮንሰን በዓመቱ ለቻርልስ በትለር በ100,000 አሳለፈው። በመካከሉ አንድ ዛፍ አልተተከለም፣ አንድ ድንጋይ አልተነሣም፤ መሬቱ ራሱ አምስት እጥፍ መሆኑን የሰማ አይመስለኝም። በትለር ግን አንድ ስሕተት ሠራ፦ አማቹን ዊልያም ኦግደንን «እስቲ ሄደህ እየው» ብሎ ላከው። ይህን ያህል የንግድ ሥርዓት ጥሰት! ኦግደን ደርሶ ሲረግጠው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ትልቅ ሞኝነት ተሠርቷል ብሎም ጻፈ። ቢሆንም ጫማውን ጠራርጎ ይዞታውን ሸነሸነና ሲሶውን ብቻ ሸጦ መቶ ሺሁን መለሰ። የቀሩት የማያዩ ጀግኖች ናቸው፤ እሱ ግን አይቶም መሸጥ የቻለ ነውና ልዩ ምስጋና ይገባዋል። በ1837 ቺካጎ ከተማ ስትባል የመጀመሪያው ከንቲባ አድርገው መረጡት። ማንን ሊመርጡ ኖሯል?

ቺካጎ አልበቃ ሲል ደላላው በዙሪያዋ ሌሎች ከተሞች ወለደ። የአንድ ከተማ መወለጃ ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር፣ ማስመሪያና ቀለም። አደባባይ ይሣላል፣ ፍርድ ቤት ይሣላል፣ ኮሌጅ ይሣላል፤ ቀለሙ ከተረፈ ወደብም አይከለከልም። በቦታው ተኩላ ብቻ ቢገኝ ምን ቸገረ? ካርታ ላይ ተኩላ አይሣልም። ሁሉም በዱቤ ይገዛል፤ ቀብዱን ከፍሎ ቀሪው ሳይደርስበት ለሌላው ያሳልፋል። ሌላውም እንዲሁ።

ይህን የተቀደሰ ሥራ ያወከው ሰው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ነው። በጁላይ 1836 የመንግሥት መሬት የሚገዛ ሁሉ ወርቅና ብር ያምጣ የሚል ትእዛዝ አወጣ። ወርቅ! የሚዳሰስ ነገር! የሌለ ከተማ ውስጥ የሌለ ቦታ ለመግዛት ያለ ገንዘብ ይጠየቃል? እንግሊዝ ውስጥም ገንዘብ ጠብቦ ነበርና በዓመቱ ባንኮች በራቸውን ዘጉ፣ ዕዳ ከሁሉም ደጅ ቆመ፣ የትናንቱ ባለ አርባ ቦታ ጌታ ለዳቦ ዱቤ ይለምን ጀመር። የነዋሪው ቁጥር በ1837 4,170 ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ 4,470። ቦዩም በቂ ገንዘብ ስላጣ ኮሚሽነሮቹ ለአየርላንዳውያኑ ቆፋሪዎች ደመወዝ በወረቀት ሰጧቸው፤ ወረቀቱ የቦዩን መሬት ይገዛ ነበር። ጭቃ ቆፍሮ በወረቀት፣ በወረቀቱ ደግሞ ጭቃ። ለፍትሐዊነቱ ምን ይወጣለታል?

ስለ ጭቃው ካነሣን አይቀር፣ የከተማዪቱ ሰው የሚያወራት ቀልድ አለች። መንገድ መካከል ባርኔጣ ያየ መንገደኛ ሊያነሣው ቢጎነበስ ከሥሩ ሰው አገኘ። «ልርዳህ?» ቢለው «ግድ የለም፣ በፈረስ ላይ ነኝ» አለው። መሬቱ ከሐይቁ እምብዛም ከፍ አይልምና ፍሳሽ መሄጃ አጥቶ ከሰው ጋር ይኖር ነበር፤ በ1854 ኮሌራ ከ1,400 በላይ ሰው ገደለ። ደላሎቹ ቦታውን «ወደፊት ከፍ ይላል» እያሉ ሲሸጡ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሰው ውሸት መስሎት ነው እንጂ ቃላቸውን ሊያከብሩ ኖሯል።

ኤሊስ ቼስብሮ የተባለ መሐንዲስ የፍሳሽ ቱቦ ከመንገዱ በላይ ይዘርጋ፣ መንገዱ በአፈር ይሞላ፣ ቤቱም ይነሣ አለ። ተነሣ። በጃንዋሪ 1858 በራንዶልፍና ዲርቦርን መንገዶች ማዕዘን ያለ ባለ አራት ፎቅ የጡብ ሕንፃ፣ 750 ቶን የሚመዝን፣ በ200 ክሪክ ወደ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ላይ ተገፋ። በ1860 ደግሞ በሌክ ስትሪት አንድ ረድፍ ሱቆች ከነንግዳቸው፣ በ6,000 ክሪክና በ600 ሰው ጉልበት ከፍ አሉ። ባለ ሱቁ ሲለካ የነበረውን ጨርቅ አልለቀቀም፤ ደንበኛውም ወደ ሰማይ እየተጓዘ ዋጋ ይከራከራል። የእግረኛ መንገዱ ግን ግማሹ ከፍ ብሎ ግማሹ እዚያው ቀርቶ፣ ጎረቤት ለመጠየቅ ደረጃ መውጣትና መውረድ ግድ ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ የከተማዪቱን ትክክለኛ ሥዕል ማየት የሚፈልግ ከዚህ የበለጠ አያገኝም፦ ወረቀቱ ከፍ ካለ ቆይቷል፣ መሬቱ በክሪክ እየተከተለው ነው።

ልማዱ ከመሬት ወደ እህል መዛመቱ አልቀረም። በ1848 ነጋዴዎች የንግድ ቦርድ መሠረቱ፤ ተሰብሳቢ ቢጠፋ ነጻ አይብ፣ ብስኩትና ቢራ አቀረቡ ይባላል። (ስብሰባ በምሳ መሙላትን እኛ የፈጠርነው ለሚመስለው ይነገረው።) ኋላ ስንዴው በደረጃ ተመድቦ ጎተራ ሲገባ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ደረሰኙ ሆነ። ቆይቶም ሊመጣ ያለ ስንዴ ተሸጠ፣ ቀጥሎም ሻጩ የሌለውን ስንዴ ሸጠ፣ ገዢውም የማይፈልገውን ስንዴ ገዛ። ገበሬው ዝናብ እየጠበቀ ሳለ ምርቱ ከተማ ውስጥ ስንት ጊዜ ባለቤት እንደለወጠ ቢነግሩት ማረሻውን ይጥል ነበር።

በኦክቶበር 1871 እሳት ተነሣ። 300 ያህል ሰው ሞተ፣ 100,000 ያህል ቤት አልባ ሆነ፣ የንግዱ መሐል ከተማ ወደመ። አመዱ ሳይቀዘቅዝ በፍርስራሹ መካከል የመጀመሪያዋ ቢሮ ብቅ አለች፣ ከእንጨት የተቸነከረች ጎጆ። የማን ብትሉ የደላላ። ዊልያም ኬርፉት በሯ ላይ «ከሚስት፣ ከልጆችና ከጉልበት በቀር ሁሉም ሄዷል» ብሎ ለጥፎ ቦታ መሸጡን ቀጠለ። ሕንፃው ባይኖርም ምን ሊሆን? ሸቀጡ ድሮስ ሕንፃ ነበረበት እንዴ? እንዲያውም ከእሳቱ በኋላ ገዢው ቦታውን አጥርቶ ያያል፤ የሚጋርደው ነገር የለም።

የሙያው ሊቅ ግን በ1886 በጀልባ መጣ። ጆርጅ ስትሪተር ጀልባው ከሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ ቀርቅሮበት ቆመ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያዝናል፣ እሱ ይዞታ አደረገው። ግንበኞች ቆሻሻና ፍርስራሽ የሚደፉበት ሲያጡ «እኔ ዘንድ ድፉ» አላቸው። ደለሉም እየጨመረ፣ ድፋቱም እየበዛ፣ ሐይቁ እየሸሸ ሄደና ስትሪተር 75 ሄክታር ያህል የእኔ ነው፣ ከኢሊኖይ ግዛትም ውጭ ነው ብሎ ሸንሽኖ ሸጠ። ባለጸጎች፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት ለዓመታት ተሟገቱት። ሰፈሩ እስከ ዛሬ በስሙ ስትሪተርቪል ይባላል፤ በከተማዪቱ ቦታ ውድ ከሆነባቸው ሰፈሮችም አንዱ ነው። ከእሱ የገዙ ሰዎች ተታለሉ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ከኒውዮርክ በፖስታ ቤት ከገዙት ሁሉ የተሻለ ዋስትና እንደነበራቸው እከራከራለሁ፤ ሻጩ ጠመንጃውን ይዞ እዚያው ቦታው ላይ ይኖር ነበር።