በቡና ላይ ዝም፣ በስልክ ላይ አንበሳ

የወሎ ክርስቲያኖች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው መጀመሪያ ያረፈው እኔው ላይ ስለሆነ ቅር አይበላችሁ።

ዐምና፣ በ2017፣ ሑዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። እንዲህ ሲሆን ደሴ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ጿሚ ነው። አንድ ምሽት፣ መግሪብ ካለፈ በኋላ፣ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ቡና ጠሩኝ። አፍጥረዋል። ለልጆቻቸው የሥጋ ሳምቡሳ አለ። ለእኔ ደግሞ የምስር ለብቻው በሳሕን ተሸፍኖ ተቀምጧል። «ያንተን ነው አስቀድሜ የጠበስኩት፣ ዘይቱን ሥጋ ሳይነካው» አሉኝ። እንግዲህ ጎረቤት ማለት ይህ ነው።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ጠየቁኝ። «የኔ ጌታ፣ እኛስ ረመዳንን የምንጾመው አላህ ስላዘዘን ነው፣ ቁርኣን የወረደበት ወር ስለሆነም ነው። እናንተ ይኼን ሁሉ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ፣ ስለምን ብላችሁ ነው?» ተንኮል የለውም። ክርክርም አልፈለጉም። ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁት፣ ያውም የጾሜን ምግብ በእጃቸው ሠርተው አብልተውኝ።

እኔ ምን አልኩ? «እንግዲህ... ባህላችን ነው እማዬ።»

ባህላችን! ጌታ የጾመውን ጾም እንደ ጉዝጓዝና እንደ ፈንድሻ ባህል አደረግኩት። እርሳቸውም ትንሽ ጠብቀው፣ የምጨምረው እንደሌለ ሲያዩ ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ መለሱት። ያ ጨዋነታቸው ነው ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ። ቤቴ ገብቼ ደግሞ ምን ሳደርግ አመሸሁ መሰላችሁ? ቲክቶክ ላይ፣ ፊቱን አይቼው ከማላውቅ ሰው ጋር፣ ስለ ሃይማኖት ስሰዳደብ። ያውም ጥቅስ እየጠቀስኩ! ከሰዓታት በፊት አንዲት ቃል ያጣው አፌ በጣቴ በኩል ሲመጣ አንበሳ ሆነ።

እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ ዝም እል ነበር። ግን አያችኋለሁ። አብረን ነን። ድፍረትና ፍርሃትን አቀያይረን ነው የያዝናቸው። መድፈር ባለብን ቦታ እንፈራለን፣ መፍራት ባለብን ቦታ እንደፍራለን። በሰው ፊት እንዲህ የሆንነውም በእግዚአብሔር ፊት እንዲያ ስለሆንን ይመስለኛል።

እስቲ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ቁሙና ማን እንደሚቆርብ ተመልከቱ። ሕፃናት በእናታቸው ጀርባ ሆነው ይመጣሉ። ሽማግሌዎችና መነኮሳይያት ነጠላቸውን አጣፍተው ይሰለፋሉ። በመሃል ያለውስ? ሃያ፣ ሠላሳ፣ ዐርባ ዓመት የሆነው ሰው የት ገባ? ዐጸዱ ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆሟል። ብትጠይቀው «ገና ነኝ፣ ትንሽ ልሸምግል» ይልሃል። ወንድሜ፣ ለመሸምገልህ ማን ዋስ ሆነህ? በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ማን ነበር ቀጠሮ የተሰጠው? ያኔ እኮ ምድር ቤት ተጨናንቀን ስንጸልይ «ገና ነኝ» ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም። ሁሉም ቀጥ ብሎ አባቱን ጠራ። ጥይቱ ሲቆም ግን ተመልሰን ከዛፉ ሥር ቆምን።

«ኃጢአቴ ብዙ ነው፣ ልጽዳና እቀርባለሁ» የሚለውንም አውቀዋለሁ፣ እኔም ስለውና ስለው ኖሬያለሁ። ልብሱ ስለቆሸሸ ቦርከና ወንዝ አልወርድም እንደሚል ሰው ነው። (የድሮውን ቦርከና ማለቴ ነው፣ የዛሬውን ተዉት።) ንስሐ አባት ያለን ለምን ሆነና? የብዙዎቻችን ስልክ ላይ የንስሐ አባታችን ቁጥር ያለው ለፍትሐትና ለጸበል ጻዲቅ ብቻ ነው። ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ጾሙ፣ ንስሐው፣ ንጽሕናው፣ ይህ ሁሉ የተሠራው አክብረን እንድንገባ ነው። እኛ ግን ላለመግባት ሰበብ አደረግነው። በባጃጅ ስናልፍ በር ላይ አማትበን እንሳለማለን፣ ከዚያ ባጃጁ ይሄዳል፣ እኛም ከባጃጁ ጋር እንሄዳለን። በዚህ ዓይነት ስንት ዓመት እንዳለፈ ቁጠሩት እስቲ።

ስለቱም እንዲሁ ነው። ስለት መሳልን አልነቅፍም፣ እናቴም ለግሸን ጃንጥላ አስገብታለች። መስከረም 21 ያንን ገደል በእግሩ የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው እንዲህ ባለ እምነት ላይ አፉን አይከፍትም። ግን ከመሃላችን አንዳንዱ ስለቱን የሚያየው ቢሮ ሄዶ ጉዳይ እንደሚያስፈጽምበት ነገር ነው። ቅዱሳኑንም የሚያያቸው እንደ በር ጠባቂ ነው፣ «ሰው አለህ ወይ?» እንደሚባለው። ቅዱሳን እኮ እጃችንን ይዘው የሚያስገቡን ናቸው! እመቤታችን በቃና ሠርግ ቤት ወይን አልቆባቸዋል ስትለው የልጇ ልብ አስፈርቷት በዙሪያው አልተሽከረከረችም። ቀጥ ብላ ነገረችው፣ ለአገልጋዮቹም የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ አለቻቸው።

በሌላ ወገን ደግሞ እግዚአብሔርን ማዘዝ የለመደ አለ። «ዛሬ ታደርገዋለህ! አሁኑኑ! በዚህ ሳምንት ቪዛውን ትሰጠዋለህ!» እያለ በሞንታርቦ የሚጮህ። ይህ የእነ እንቶኔ ቤት ችግር ነው ብላችሁ አታሳልፉት። ሁላችንም ቤት ገብቷል። በየጠበሉ ቦታ፣ በየአዳራሹ፣ በየዩቱዩቡ። የምንጸልይለትን አምላክ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ አጨብጭበን እንጠራዋለን። ቢዘገይም እናኮርፋለን።

መጽሐፉ ምን ይላል? ዕብራውያን 4፥16 «ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንቅረብ» ይላል። ሁለቱን ቃላት አስተውሉልኝ። ዙፋን ነው፣ የጸጋም ነው። ዙፋን መሆኑን የረሳ ያዛል። የጸጋ መሆኑን የረሳ ደግሞ በር ላይ ይቀራል። ከፍ ብሎ ያለውን ቁጥር ብታነቡም ድፍረቱ ከየት እንደሚመጣ ትረዳላችሁ። በድካማችን የሚራራልን፣ እንደ እኛ የተፈተነ ሊቀ ካህናት ስላለን ነው እንጂ እኛ ስለጸዳን አይደለም።

አብርሃምን አስቡት። ዘፍጥረት 18 ላይ። ባቲ ሰኞ ገበያ ውላችሁ ታውቃላችሁ? ፍየል ሲሸጥና ሲገዛ አይታችኋል? አብርሃም ስለ ሰዶም ከእግዚአብሔር ጋር የያዘው ነገር በቁጥሩ በኩል ካየነው ያው ነው። ሃምሳ ጻድቅ ቢገኝስ? ዐርባ አምስትስ? ዐርባ? ሠላሳ? ሃያ? ዐሥር አደረሰው! የባቲ ነጋዴ እንኳ ይኼን ያህል ሲወርድ ደፍሮ አያውቅም። ግን አነጋገሩን ስሙት። ልናገር ሲል እኔ አፈርና አመድ ነኝ አለ። ሲቀጥልም ጌታዬ አይቆጣ እያለ ነው። ገበያተኛ ሻጩን ያንኳስሳል፣ «ይቺማ ፍየል ናት እንዴ?» ይላል። አብርሃም ያንኳሰሰው ራሱን ነው። ደግሞ ለራሱ አንዳች አልጠየቀም። ለዚያ ክፉ ከተማ ነው የቆመው። እንዲህ ያለ ድፍረት ነው የጠፋብን፣ አመድነቱን እያወቀ የሚከራከር።

ይህን ለመማር ደግሞ ሩቅ አንሄድም። ላሊበላ እዚሁ ከላይ ነው። ሌላው ዓለም ቤተ መቅደሱን ወደ ላይ ሲሠራ እነዚያ አባቶች ወደ ታች ፈለፈሉት። ቤተ ጊዮርጊስ ስትደርስ ጣሪያው ከቆምክበት መሬት ጋር እኩል ነው። ለመግባት ትወርዳለህ፣ በቦዩ ታልፋለህ፣ ጫማህን ታወልቃለህ። ያወለቀ ሁሉ ግን ይገባል። በገና ደግሞ ካህናቱ ከላይ ከድንጋዩ ጠርዝና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ያን ድምፅ ፈሪ የሚያወጣው አይደለም።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ፣ ምክንያቱም የመጣሁት ለዚህ ነው።

ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ 3፥15 ላይ በእናንተ ስላለ ተስፋ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ ብሎ ሲያበቃ፣ «ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል። በፍርሃት አለ እንጂ በማስፈራራት አላለም! ደግሞ «ለሚጠይቃችሁ» ነው የሚለው። እኛ ያልጠየቀንን እያሳደድን እንመልስለታለን፣ የጠየቀንን ግን «ባህላችን ነው» ብለን እንሸኛለን።

በማስፈራራት የሆነውን ወሎ ያውቀዋል። ከደሴ ትንሽ ወጣ ስትሉ ቦሩ ሜዳ አለች፣ ዛሬ ብዙው ሰው የሚያውቃት በሆስፒታሏ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ እዚያ ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ ለወሎ ሙስሊም ተጠመቅ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ማለት ነው። የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዮሐንስ ሆኑ። ሕዝቡስ? እንደ ሼህ ጦልሐ ያሉት አመፁ፣ ብዙ ሰው ተሰደደ፣ ከቀረውም ብዙው «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» ተባለ። ንጉሥ አዝዞ፣ ጦር ከኋላ ሆኖ፣ የተገኘው ፍሬ ይኸው ነው። ታዲያ አንተ በአንድ ጊጋ ባይት ኢንተርኔትና በስድብ የማንን ልብ ልትመልስ ነው? ይህን ታሪክ የማነሣው ቁስል ለመነካካት አይደለም። የእኛ ወገን ያደረገውን እኛው ካልተናገርነው ማን ይናገርልን? ክርስቶስ ራሱ በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ በር አይሰብርም።

ደግሞ ፈርተን ዝም ማለቱንም «ተቻችለን መኖር» እያልን አናሽሞንሙነው። አንድ ቅሬ (እድር) ውስጥ ነን፣ አብረን እንቀብራለን፣ ሠርጉ ላይ ሁለት ድንኳን ተጥሎ ሁለት ዓይነት ሥጋ ይታረዳል፣ ሰው ሲጣላም የሁለቱም እምነት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያስታርቃሉ። ይህ የወሎ ወግ ነው፣ እሰየው። ግን አባቶቻችን እንዲህ አብረው ሲኖሩ የሚያምኑትን አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። እንደውም ያውቁ ስለነበር ነው በሌላው ሰው እምነት ያልደነገጡት። የራሱን የማያውቅ ሰው ነው ሌላው ሲናገር የሚበረግገው፣ ሲበረግግም የሚሳደበው። እኔ ያን ማታ የተሳደብኩት ለምን ይመስላችኋል?

ስለዚህ ተዘጋጁ። ሊቅ ሁኑ አላልኩም፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብታችሁ መጻሕፍት አመስጥሩም አላልኩም። «ለምን ታማትባለህ?» ብትባል የምትመልሳት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይኑርህ። «ለምን ትጾሚያለሽ?» ብትባዪ ከባህል ያለፈ ነገር በይ። ካላወቅሽም አላውቀውም፣ ጠይቄ እነግርዎታለሁ ማለት ነውር የለውም። ስልኩ ላይ ያለውን ጠብ ተዉት፣ በእመቤቴ። እዚያ የዳነ ሰው አላየሁም። ቡናው ላይ ግን ጥያቄው ራሱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

ዘንድሮም ጾሞቹ ገጠሙ። እኔም ዓመቱን ሙሉ ስጠብቃት የነበረች ምሽት መጣች። ያው ቡና፣ ያው የምስር ሳምቡሳ። ሳይጠይቁኝ አልጀመርኩም፣ ግን ወሬውን ወደዚያ ገፋ ገፋ ማድረጌን አልክድም። «እማዬ፣ ዐምና የጠየቁኝ ነገር ነበር» አልኩ። «የቱን?» አሉ። ጌታችን በምድረ በዳ 40 ቀን እንደጾመ ነገርኳቸው። እኛም ከእርሱ ጋር እንደምንጾም፣ የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ የተሰቀለበትን መከራ የምናስብበት እንደሆነ፣ ስግደቱም ለዚያ እንደሆነ። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ዒሳ የሚሉት ጌታችን ለእነሱም ነቢይ ነውና ስሙ ሲጠራ በአክብሮት አዳመጡኝ። ስቅለቱ ላይ ስደርስ የእኔና የእርሳቸው መንገድ ይለያያል፣ ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ አልሸፋፈንኩትም፣ እርሳቸውም አልተቆጡም።

ጨርሼ ዝም ስል በረካውን ቀዱልኝ።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ። «ታዲያ ዐምና ምነው ደበቅከኝ?»