ይድረስ ለክቡር «ለጊዜው»

ጉዳዩ፦ የሚያበቁበትን ቀን እንዲያሳውቁን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንዴት ሰነበቱ? ለነገሩ መሰንበቱን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቅበታል።

«እርስዎ» ማለቱን እዚህ ላይ ልተወው። በቀን አራቴ እየተገናኘን ይህ ሁሉ አክብሮት ይከብዳል። አንተ ልበልህ።

የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ሊፍቱ በር ላይ ተለጥፈህ አገኘሁህ። «ሊፍቱ ለጊዜው አይሠራም» ትላለህ። ያኔ በእስክሪብቶ የተጻፍክ የደብተር ወረቀት ነበርክ። አንዱ ጫፍህ ከፕላስተሩ ተላቆ፣ ንፋስ በመጣ ቁጥር ታጨበጭባለህ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ነገ ይነሳል ብዬ ደስ አለኝ። ከስድስት ወር በኋላ በኮምፒውተር ተጽፈህ፣ ማህተም ተመትቶብህ መጣህ። አምና ደግሞ ላሚኔት ተደረግህ።

ያን ቀን ደረጃው ሥር ቆሜ ብዙ አየሁህ። ሰው እንዴት «ለጊዜው»ን ላሚኔት ያስደርጋል? ላሚኔት የሚደረገው ዲፕሎማ ነው። የልደት ካርድ ነው። እንዳይቀደድ፣ ውሃ እንዳይነካው፣ ለልጅ እንዲተርፍ። ጥበቃውን «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚሠራው?» ብላቸው፣ አንተኑ በጣታቸው አሳዩኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቄ ግን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አለቀ።

ሊፍት ላይ ብቻ ብትለጠፍ ደብዳቤ ባልጻፍኩልህ። ደረጃ መውጣት ለልብ ጥሩ ነው ይላሉ። አንተ ግን ሰው ላይም ትለጠፋለህ።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ጥቂት ሳምንት ሆኖታል። የጎረቤቴ የእትዬ ልጅ ካዛንቺስ ታክሲ ሲጠብቅ ተወሰደ። እናትየው አንድ ጣቢያ በር ላይ ደርሰው ቢጠይቁ፣ «ለማጣራት ነው፣ ለጊዜው ነው» ተባሉ። አንተን አምነው በመጀመሪያው ቀን የያዙለት ውሃና ብስኩት ነበር። በሦስተኛው ቀን ፎጣና ሳሙና ጨመሩ። በሁለተኛው ሳምንት ብርድ ልብስ። ምግቡን የሚልኩበት የአሉሚኒየም ምሳ ዕቃ ላይ ስሙን በእስክሪብቶ ጽፈው በፕላስተር ለጥፈውለት ነበር፤ በሩ ላይ ሃምሳ ምሳ ዕቃ ስለሚደረደር እንዳይቀየር ብለው። ፕላስተሩ በዘይትና በእጥበት ተላቀቀ። ሌላ ለጠፉ፣ እሱም ተላቀቀ። በሁለተኛው ወር እትዬ ምስማር አነሱና ስሙን ከነአባቱ ብረቱ ላይ ፍቀው ጻፉት። የእሳቸው ላሚኔት ይሄ ነው።

ልጁ የካቲት ላይ አዋጁ በተነሳ ሰሞን ወጣ። ክስ የለም። ይቅርታም የለም።

ወረቀት ላይማ ገደብ አልጠፋም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ አንድ የምርመራ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ያዛል። ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሚቻል ግን አይናገርም። የገባህበትም ቀዳዳ እሱ ነው። ልደታ ችሎት አንድ ጠዋት የተቀመጠ ሰው የፖሊስን ዜማ በቃሉ ይወጣዋል፤ ምርመራችን አልተጠናቀቀም፣ ያልተያዘ ግብረ አበር አለ፣ ቢወጣ ማስረጃ ያጠፋብናል፣ ተጨማሪ 14 ቀን ይሰጠን። የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ 14ቱን 28 አደረገው። እሱ እንኳ በድምሩ ከአራት ወር እንዳያልፍ ተብሎ ነበር። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ደግሞ ያ የሚያሰለች ዜማ ይናፍቃል። «ተጨማሪ» ለማለትም እኮ ዳኛ ፊት መቆም ያስፈልጋል።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ስድስት ወር ተባለ፣ ሲያልቅ አራት ወር ተጨመረለት። ከአዲስ አበባ የተያዙ ሰዎች አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ተወሰዱ፤ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ሄዶ ጎብኝቷቸዋል። ቦታው ምን እንደተባለ ታውቃለህ። ጊዜያዊ ማቆያ።

ዘርህንም አልረሳሁም። በመስከረም 1967 ንጉሡን ያወረዱት ሰዎች ለራሳቸው ያወጡት ስም «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ነበር። 13 ዓመት ጊዜያዊ ሆኖ ኖረ። ስንት ትዳር ያን ያህል ይቆያል?

አገር በቀል ትመስለኝ ነበር። ለካ አሜሪካም ቅርንጫፍ አለህ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2001 ኒውዮርክና ዋሽንግተን ከተመቱ በኋላ፣ ኮንግረሱ 60 ቃል ገደማ በሆነች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለፕሬዚዳንቱ ጦር የማዝመት ሥልጣን ሰጠ። የሚያበቃበት ቀን አልተጻፈባትም። ከጥር 2002 ጀምሮ ኩባ ላይ ባለው የጓንታናሞ ጦር ሰፈር ወደ 780 ሰዎች ገቡ። አብዛኞቹ ክስ አልተመሠረተባቸውም። እስከ መቼ? ጦርነቱ እስኪያበቃ። ጦርነቱ ከማን ጋር ነው? ከሽብር ጋር። ሽብር እጁን ሰጥቶ የሚፈርመው የትኛው ቢሮ መጥቶ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ።

ከገቡት አንዱ የእኛው ልጅ ነው። ቢንያም መሐመድ፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የኖረ። በ2002 ፓኪስታን ውስጥ ተያዘ። በ2008 ክሱ ተነሳለት። በየካቲት 2009 ተለቀቀ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው።

«እሱማ የውጭ ዜጋ ነው» ብለህ እንዳታመልጥ። ሆሴ ፓዲያ አሜሪካዊ ነው። በግንቦት 2002 ቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። «የጠላት ተዋጊ» ተባለና ሳውዝ ካሮላይና ባለ የባሕር ኃይል እስር ቤት ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከረመ። በመጨረሻ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ወስደው ከሰሱት፣ ተፈረደበትም። ታዲያ እስከዚያ ፍርድ ቤቱ የት ሄዶ ነበር? እዚያው ነበር።

እዚያም ላሚኔት ያደረጉህ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጨረሻ ቀን ባራክ ኦባማ የመከላከያ በጀት ሕጉን ፈረሙ። አንቀጽ 1021 የሽብር ተጠርጣሪን ጦሩ ያለ ፍርድ፣ ጦርነቱ እስኪያበቃ ማቆየት ይችላል ይላል። ዜጋውስ? አንቀጹ «በነበረው ሕግ ላይ የምለውጠው የለም» ብሎ አለፈ። የነበረው ሕግ ምን እንደሚል ደግሞ ራሳቸው አልተስማሙበትም። ኦባማ «የእኔ አስተዳደር ዜጋን እንዲህ አያስርም» የሚል መግለጫ አያያዙ። መልካም። መግለጫው ግን አብሯቸው ይሄዳል፣ አንቀጹ ለተተኪው ይቀመጣል። ጋዜጠኞችና ሌሎች ሰዎች ከሰሱ፤ አንዲት ዳኛ በ2012 አገደችው። በዓመቱ ይግባኝ ሰሚው «እናንተ የመክሰስ መብት የላችሁም» ብሎ እግዱን አነሳው። በእኛ አማርኛ፣ መጀመሪያ ታሰሩና ኑ ነው።

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. እዚሁ መስቀል አደባባይ የፈነዳውን ቦምብ ረስቼ አይደለም ይህን የምጽፈው። ከቢሮዬ በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። ቦምብ የወረወረ ይያዝ። ይከሰስ። ማስረጃው ይቅረብና ዳኛው ይፍረድበት። እዚያ ውስጥ አንተ ምን ትሠራለህ? የላስቲክ ወተት እንኳ ቀን ተመትቶበት ነው ሱቅ የሚገባው። አንተ ሰው ላይ ስትለጠፍ ከሥርህ አንድ ቀን ይጻፍ። የምለምንህ ይህችኑ ነው።

ባለፈው እሁድ እትዬ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ልጁ በሰላም ሥራውን ይሠራል። ምሳ ዕቃው ግን ማጀት መደርደሪያው ላይ አሁንም አለ፤ ስሙ ከነአባቱ ይነበባል። «እትዬ፣ አሁንማ ምን ያደርግልዎታል? አይጥሉትም?» አልኳቸው። አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ምን ይታወቃል» አሉኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከአምስተኛው ፎቅ